ሀበን ግርማ፦ ከኮሌጅ የምግብ ዝርዝር እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት

ወለተ ሸዋ (ክሩን የከፈተች)

ክቡራን የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ስለ ሀበን ግርማ በአማርኛ ከሚጻፈው ውስጥ አብዛኛው «ማየትም መስማትም ሳትችል ከሃርቫርድ የተመረቀች» ከሚለው አርእስት ብዙም አያልፍም። እኔን ግን ከምረቃው ይልቅ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሠራችው ይበልጥ ይስበኛል፤ ይህን ክር የከፈትኩትም ስለዚያ እንድንወያይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሀበን በ1988 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በኦክላንድ ከተማ ተወለደች። እናቷ በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ዘመን አገራቸውን ጥለው ተሰደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ የገቡ ናቸው። ታላቅ ወንድሟም እንደ እርሷ ማየትና መስማት የተሳነው ሲሆን፣ አያታቸው ኤርትራ ውስጥ ትምህርት ቤት ሊያስገቡት ቢሞክሩ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚቀበል እንዳላገኙ ሀበን በአደባባይ ተናግራለች። አያትየው የልጅ ልጃቸው የደረሰችበትን ሲሰሙ ነገሩ አስማት ይመስላቸዋል። እርሷ የምትመልሰው አስማት የለበትም፣ ዕድሉ በሕግ ስለተከፈተ ነው ብላ ነው። እኔም ሌላውን ሁሉ የማነበው በዚህ መልስ በኩል ነው።

በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ በሚገኘው ሉዊስ ኤንድ ክላርክ ኮሌጅ ስትማር መመገቢያ አዳራሹ የዕለቱን የምግብ ዝርዝር በወረቀት አትሞ ይለጥፍ ነበር። የተለያየ ምግብ የሚታደለው በተለያየ ቦታ ስለነበር፣ ዝርዝሩን ያነበበ ተማሪ የሚወደውን መርጦ ይሰለፋል፤ ሀበን ግን ተሰልፋ፣ ሳህኗን ተቀብላ፣ ቦታ ፈልጋ ተቀምጣ ካልቀመሰች በቀር ምን እንደደረሳት አታውቅም። ሥጋ ስለማትበላ ደግሞ ችግሩ የምርጫ ብቻ አልነበረም። ዝርዝሩ በኢሜይል ቢላክላት ኮምፒውተሯ ወደ ብሬል ይለውጥላታል፤ ስለዚህ ይኸው እንዲደረግላት ጠየቀች። የአዳራሹ ኃላፊ ብዙ ተማሪ የሚያስተናግዱ በመሆናቸው ለአንድ ሰው የተለየ ነገር ለማድረግ ጊዜ እንደሌላቸው ነገሯት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው ደጋግሜ የማነበው። ሀበን ለወራት ዝም አለች። እናቷ ስደትን ያዩ ሴት ናቸው፤ በዓለም ላይ የሚበላ ያጣ ስንት ሰው እያለ እኔ ስለ ምግብ ዝርዝር ማጉረምረሜ ነውር አይደለምን እያለች ራሷን ታባብል ነበር። በኋላ ግን መታገሥም የራሷ ምርጫ መሆኑን ተገነዘበች። ለኃላፊው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይህን እንደሚያስገድድና ካልተስተካከለ በሕግ እንደምትጠይቅ ጻፈችላቸው፤ ክስ እንዴት እንደሚመሠረት ግን በዚያን ጊዜ አታውቅም ነበር። ኃላፊው ይቅርታ ጠየቁ፣ ዝርዝሩም በኢሜይል ይመጣ ጀመር። በተከታዩ ዓመት ሌላ ማየት የተሳነው ተማሪ ወደ ኮሌጁ ሲመጣ ስለ ምግብ ዝርዝር መከራከር አላስፈለገውም። ጠበቃ ልሁን ብላ የቆረጠችው ያን ጊዜ እንደሆነ ትናገራለች።


ጠበቃው ከባሕር ዳር

እኅቴ ወለተ ሸዋ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ጀመርሽው። የሕጉን ክፍል እኔ ልቀጥል።

በ2010 ከኮሌጅ፣ በ2013 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቃለች፤ ማየትና መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ከዚያ ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ የስካደን ፌሎሺፕ (ለሕዝብ ጥቅም ለሚሠሩ ጀማሪ ጠበቆች የሚሰጥ ድጋፍ) አግኝታ በበርክሊ ከተማ ዲስአቢሊቲ ራይትስ አድቮኬትስ በተባለ ድርጅት ውስጥ በጠበቃነት ሠራች። ስሟ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ የሚነሳበት ጉዳይ የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ2014 ስክሪብድ በተባለው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ኩባንያ ላይ በቬርሞንት ፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረበው ክስ ነው። ኩባንያው ከ40 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን በወርሃዊ ክፍያ ያቀርብ ነበር፤ ድረ ገጹና መተግበሪያው ግን ማየት የተሳናቸው ሰዎች ከሚጠቀሙበት ስክሪን ሪደር (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ወይም በብሬል ከሚያቀርብ ፕሮግራም) ጋር አይግባቡም ነበር።

የኩባንያው መከላከያ ሲሰሙት አሳማኝ ይመስላል። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት ስለሚሰጡ «ቦታዎች» ይናገራል፤ እኔ ደግሞ ደንበኛ የሚገባበት በር የለኝም፣ ስለዚህ ሕጉ አይመለከተኝም የሚል ነበር። ሕጉ በሐምሌ 1990 ሲፈረም ዛሬ የምናውቀው ኢንተርኔት አልነበረምና ስለ ድረ ገጽ አንዲት ቃል የለበትም። ዳኛ ዊልያም ሴሽንስ በመጋቢት 2015 በሰጡት ውሳኔ የኩባንያውን መቃወሚያ ውድቅ አደረጉ፤ ሕግ አውጪው አካል ጉዳተኞችን ከኑሮው መስክ በሰፊው ለማሳተፍ ያወጣውን ሕግ አገልግሎቱ በሕንፃ ውስጥ ባለመሰጠቱ ብቻ ማጥበብ እንደማይገባ አብራሩ። ከዚያ በኋላ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ኩባንያው እስከ 2017 መጨረሻ አገልግሎቱን ተደራሽ ለማድረግ ግዴታ ገባ።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ድሉን አግዝፎ መጻፍ እርሷንም አይጠቅምምና። አንደኛ፣ ሀበን ከጠበቆቹ ቡድን አንዷ እንጂ ብቸኛዋ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ ውሳኔው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውሳኔ በመሆኑ ሌሎች ፍርድ ቤቶችን አያስገድድም፤ በዚህ ነጥብ ላይ የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ሆኖም የፊት በር የሌለው ኩባንያ በዚህ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ጉልበት አግኝቷል።


ተጠራጣሪው

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ትንሽ ልቃወም። ይህች ሴት የተወለደችው የአካል ጉዳተኞች መብት ንቅናቄ ከተፀነሰበት ከበርክሊ አጠገብ ነው። በ1977 አካል ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀምጠው ከ1990ው ሕግ በፊት የነበረውን የመብት ሕጋቸውን ያስከበሩት ከእርሷ ቤት ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ነው። ብሬል የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ አስተርጓሚ የሚከፍል ዩኒቨርሲቲ፣ የሚሰማ ፍርድ ቤት ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ከዚህም በላይ ሙሉ በሙሉ የማታይና የማትሰማ አልነበረችም፤ በልጅነቷ ቀሪ እይታና ቀሪ መስማት ነበራት። እዚያ የተወለደ ሁሉ እርሷ የደረሰችበት ባይደርስም፣ ታሪኳ በገጠር ወሎ ወይም በኤርትራ በአቆርዳት የተወለደች ልጅ ታሪክ ሆኖ ሊነገረን አይገባም።


ብርሃኔ በጣቴ

ለተጠራጣሪው፣ በአክብሮት። እኔ ራሴ ማየት የተሳነኝና በአንድ ጆሮዬ ብቻ በመጠኑ የምሰማ ሰው ነኝ፤ ይህንም የምጽፈው በብሬል ማሳያ ነው።

ስለ ቀሪ እይታው ያነሱት እውነት ነው፤ ነገር ግን ማየትና መስማት የተሳናቸው ከሚባሉት ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም በከፊል ይዘው የሚኖሩ ናቸው። የዓለም ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፌዴሬሽን በ2018 ባወጣው ዘገባ ከሕዝብ መካከል ከ0.2 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክልል ውስጥ እንደሚገኝ አስፍሯል፤ ከፍ ያለው ቁጥር ቀለል ያለ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። ሀበን ቀጭን ድምፅን ከወፍራም ይልቅ የተሻለ ትሰማ ስለነበር የራሷን የንግግር ድምፅ ከፍና ቀጠን አድርጋ እንዳለማመደች ተናግራለች። ንግግሯን በቪዲዮ ሰምተው «ታዲያ ትናገር የለም ወይ» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የብሬል ማሳያ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ሣጥን ሲሆን በፊቱ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሕዋሳት አሉት፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት ጥቃቅን መርፌዎች እንደ ፊደሉ ብቅና ጥልቅ ይላሉ። ሀበን ሃርቫርድ ሳለች ያደረገችው ብልሃት ይህን ሣጥን ከገመድ አልባ የቁልፍ ሰሌዳ ጋር ማገናኘት ነው። ሰሌዳውን ለሚያነጋግራት ሰው ትሰጣለች፤ ሰውዬው ሲተይብ እርሷ በጣቷ ታነባለች፣ መልሱን በአፏ ትናገራለች። በጫጫታ በተሞላ ግብዣ ላይ ጆሮዋ ምንም በማይጠቅማት ጊዜ እንኳ ከማያውቃት ሰው ጋር ማውራት ቻለች። በሐምሌ 2015፣ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ 25ኛ ዓመት በዋይት ሐውስ ሲከበር ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ከመናገር ይልቅ ያን ሰሌዳ ተቀብለው የተየቡላት ለዚህ ነው። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞሯል፤ ከፎቶግራፉ ይልቅ ግን አንድ ፕሬዚዳንት ለአንዲት ሴት ሲል የንግግር መንገዱን መለወጡ ይበልጥብኛል።

«ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቃት» ላሉት ግን አልስማማም። ብሬል ማሳያው ተዘጋጅቶ ጠብቋታል፤ ከሰሌዳው ጋር አገናኝቶ ለግብዣ መዋል ግን የራሷ ፈጠራ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩት በጓደኞቼ አፍ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ልጅ የሕግ መጽሐፉን በቴፕ ይቀዳልኛል፤ ፈተና ሲደርስ እርሱም የራሱን ማጥናት አለበትና የእኔ ምዕራፍ ግማሽ ላይ ይቀራል። አንድ መምህር ጥያቄዎቹን በሶፍት ኮፒ እንዲሰጡኝ ስጠይቃቸው «ለአንተ ብለን ሥርዓት አንለውጥም» አሉኝ። የመመገቢያ አዳራሹ ኃላፊ ቃል ከዚህ በምን ይለያል? ኦሪገን ላይ ልዩነቱ ልጅቷ የምትጠቅሰው ሕግ ነበራት፣ ኃላፊውም ሕጉን ይፈሩት ነበር።


አስመራ በር

እናቷ ኤርትራዊት ናቸው፣ «የእኛ ልጅ» እያሉ መሻማት ይቅር ለማለት ያህል ብቅ ብያለሁ።


ወለተ ሸዋ

ወንድሜ አስመራ በር፣ ማንም አልተሻማም፤ በመግቢያዬም የጻፍኩት እርሷ ራሷ የተናገረችውን ነው። ልጅ ሳለች ዘመዶቿን ለመጠየቅ አስመራ ሄዳለች፤ በሕይወት ታሪኳም ስለዚያ ጽፋለች። ስለ ዜግነት ክርክር ሌላ ክር ይከፈት፤ እዚህ በጉዳዩ እንቀጥል።

ለተጠራጣሪው ግን አንድ ነገር ልመልስ፤ ሕግ ባለበት አገር እንኳ ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የኮሌጅ ተማሪ ሳለች ውጤቷ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ በአላስካ ዋና ከተማ በጁኖ ለበጋ ሥራ ያመለከተችባቸው ቦታዎች በአካል ሲያዩዋት አልተቀበሏትም። በመጨረሻ የቀጠራት አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤት ነው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ የሩጫ ማሽኑ አይሠራም ብላ መጣች። ሀበን ማሽኑን ከላይ እስከ ታች በእጇ ዳሰሰችው፤ ከወለሉ አጠገብ፣ ከታች በኩል አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አገኘችና ነካቻት፣ ማሽኑም ተነሣ። ደንበኛዋ «ማብሪያውን አላየሁትም ነበር» ስትል ሀበን «እኔም አላየሁትም» ብላ መለሰች። ይህን ታሪክ ስትናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ግን አሠሪዎቹን አስባለሁ። ዓይን ያለው ያላየውን በእጇ የምታገኝ ሠራተኛ በራቸው ድረስ መጥታ ነበር፣ መለሷት።

በ15 ዓመቷም ማሊ ሄዳ ትምህርት ቤት ግንባታ ላይ መሥራት ስትፈልግ መጀመሪያ የከለከሏት ወላጆቿ ናቸው። በፍቅር ነው የከለከሏት። ደጋግማ ተከራክራ ነው የሄደችው። የእኛ ቤተሰቦች ይህን ክፍል ቢያነቡት ደስ ይለኛል።


አስተማሪዋ

እኔ የማነሳው ማየትና መስማት ስለተሳናት አሜሪካዊት ደራሲ ስለ ሔለን ኬለር ነው፤ ሀበንን «የዘመናችን ሔለን ኬለር» የሚሏት ብዙ ናቸውና። ንጽጽሩ በከፊል ብቻ ልክ ነው። ሔለን በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመረቀች፤ ሃርቫርድ በዚያን ዘመን ሴቶችን አይቀበልም ነበርና። ስለዚህ ሀበን በ2010 የሃርቫርድን በር ስትገባ ከፊቷ የነበረው መሰናክል ሔለንን ከከለከላት የተለየ ነበር፤ አንደኛው መሰናክል በሌሎች ሴቶች ትግል አስቀድሞ ተነሥቷል። ሀበንም ይህን ራሷ ታነሳለች።

ከዚህ በተረፈ ሔለንን በመጽሐፎቻችን የምናውቃት በውኃ ቧንቧው አጠገብ ከመምህርቷ ከአን ሱሊቫን ጋር እንደቆመች ሕፃን ብቻ ነው። ያች ሕፃን አድጋ በ1920 የአሜሪካ የዜጎች ነጻነት ኅብረት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ እንደነበረች፣ ሶሻሊስት ፓርቲ አባል ሆና ስለ ሠራተኞችና ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት እንደተሟገተች ለተማሪዎቻችን አንነግርም። ተአምሩን ወደድነው፣ ክርክሯን ረሳነው። ሀበን «አነቃቂ» መባልን የማትወደው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ሰው ተነቃቅቶ አጨብጭቦ ይሄዳል፣ ድረ ገጹ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። ድርጅቶች ሲጋብዟት ምስላችሁን በጽሑፍ ግለጹ፣ ቪዲዮአችሁን በጽሑፍ አጅቡ፣ መተግበሪያችሁን አስፈትሹ እያለች በዝርዝር ትነግራቸዋለች። በ2016 የአፕል ኩባንያ ለመተግበሪያ ሠሪዎች ባዘጋጀው ዓመታዊ ጉባኤም የተናገረችው ስለዚሁ ነው።


ጠበቃው ከባሕር ዳር

አስተማሪዋ የጠቀሱት ወደ እኛ አገር ያመጣናል። በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ስለመስጠት የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አለ፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ፤ የሕንፃ አዋጁም ስለ ተደራሽነት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። አሜሪካ ራሷ ይህን ስምምነት እስከ ዛሬ አላጸደቀችም፤ በ2012 ለሴኔቱ ቀርቦ 61 ለ38 በሆነ ድምፅ የሚፈለገውን ሁለት ሦስተኛ ሳያገኝ ቀርቷል። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማየት የተሳናቸውን፣ መስማት የተሳናቸውን፣ እንዲሁም ማየትና መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለየብቻ ይጠቅሳል። ለሦስተኛዎቹ የተለየ ስም መስጠቱ አስፈላጊ ነው፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህሩ በድምፅ ያስተምራል፣ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት መምህሩ በሚታይ ምልክት ያስተምራል፣ ይህ ልጅ ግን በሁለቱም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምንም አይደርሰውም።

ሰው ደግሞ አለን። ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ማጣቷ ያለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናትና ለትምህርት እንዳበቃት ትናገራለች። የጎደለን የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ ዓይነት ሰው ደብዳቤ ደርሶት «ይህ ነገር ፍርድ ቤት ሊያደርሰኝ ይችላል» ብሎ የሚሰጋበት ልማድ ነው። በሙያዬ ቆይቼ አዋጅ 568ን ጠቅሶ የሚከስ ደንበኛ ያጋጠመኝ ጥቂት ነው።


ተጠራጣሪው

የጠበቃው የመጨረሻ ነጥብ የእኔን ክርክር የሚያጠናክር ነው ብዬ ልወስደው እችል ነበር፤ ሕጉ ብቻውን አልሠራማ። ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንደሚደግፍ አያለሁ፤ ኦሪገን ላይም ሕጉ ከ1990 ጀምሮ ነበረ፣ የምግብ ዝርዝሩ ግን አንዲት ተማሪ እስክትጽፍ ድረስ በወረቀት ነበር። በዚህ ላይ እስማማለሁ። በአገራችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ላይ የሚደርሰው ዋጋ ከኦሪገን ይከብዳል የሚለውን ግን አልተውም።


እናት ከአዳማ

ውይይታችሁን ሳነብ አመሸሁ። የሕግ ነገር ብዙም አይገባኝም። የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፤ የሚሰማው በጣም ጥቂት ነው፣ ዓይኑም ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም አያልፍም ብለውኛል። ትምህርት ቤት ከመድረሱ በፊት እኔ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እችላለሁ? ድንገት ሲነኩት ይደነግጣል፣ ይጮኻል።


ብርሃኔ በጣቴ

እኅቴ፣ የሚደነግጠው ከየት እንደመጣ የማያውቀው እጅ ስለሚይዘው ነው። ከመያዛችሁ በፊት ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ትከሻውን፣ ቀስ ብላችሁ ንኩትና ጥቂት ጠብቁት። ከቤተሰቡ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መታወቂያ ይኑረው፤ እርስዎ የእጅ አምባርዎን ያስዳስሱት፣ አባቱ ጺሙን ያስዳስሰው፣ እናም መታወቂያው አይለዋወጥ። ከመመገቡ በፊት ማንኪያውን በእጁ ያስይዙት፤ ከመታጠቡ በፊት ፎጣውን፤ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ጫማውን። ቀስ በቀስ ዕቃው የሚመጣውን ነገር ይነግረዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ማንኪያውን እርሱ ራሱ ያመጣልዎታል፤ ያ ንግግር ነው።

አዲስ ነገር ሲያሳዩት እጁን ጨብጠው አይጎትቱት። የእርስዎን እጅ ከሥር ያድርጉ፣ የእርሱ ከላይ ይረፍ፤ ሲፈልግ እንዲያነሣ ነጻ ይሁን። የቀረውን እይታና የቀረውን መስማት ለየብቻ ያስመርምሩ፤ አንደኛው ሐኪም ሌላውን አይመለከትምና ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ይቆዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ ሌሎች ወላጆችን የሚያገኙት በእነርሱ በኩል ነው።

ብርሃንን ከጨለማ ይለያል ካሉ፣ ፊቱን ወደ መስኮት የሚያዞርበት ሰዓት አለ? መልሱን እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ዕቃዎቹን የት እንደሚያስቀምጡለት በዚያ ላይ ተመሥርተን እንወስናለን።